ሳይቸግር እንግሊዝኛ ብድር

የዛሬው ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ኤርፖርት ተራ የምትጠብቁ ባልደረቦቼ ደግሞ እያነበባችሁ ተራ እንዳያልፋችሁ።

በየዓመቱ የኪንደርጋርተን ምዝገባ ሲቃረብ በብዙ የሐበሻ ቤት አንድ አዋጅ ይታወጃል። «ከዛሬ ጀምሮ ከልጁ ጋር በእንግሊዝኛ ብቻ!» አዋጁን አንዳንዴ አባት ያወጣዋል፣ አንዳንዴ እናት፣ አንዳንዴም ከቨርጂኒያ የሚደውል አጎት። ምክንያቱ ይታወቃል። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ እንዳይቸገር፣ እንዳይሳቅበት፣ ወደ ኋላ እንዳይቀር። ከአዋጁ ማግስት ጀምሮ፣ አራት ዓመት ሙሉ በአማርኛ ሲያባብል፣ ሲቆጣ፣ ሲተርት የኖረው ቤት ጭር ይላል። አባት «ካም ሂር» ይላል። እናት «ሲት ዳውን» ትላለች። «ኢት»፣ «ስሊፕ»፣ «ስቶፕ ኢት»። አለቀ። ሥራ ውለን ደክሞን ስንገባ ከዚህ አልፎ የሚሄድ እንግሊዝኛ ከስንቶቻችን አፍ ይወጣል? እውነቱን እንነጋገር።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ ልጅን ለአሜሪካ ትምህርት ቤት የምናዘጋጀው እኛ አሳምረን በምናውቀው ቋንቋ ነው። በአማርኛ ያልተዘጋጀ የእኛ ልጅ በእኛ እንግሊዝኛ አይዘጋጅም። አማርኛ ስል ቤታችሁ ያለው ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ጉራጊኛ ከሆነ በዚያው ተክታችሁ አንብቡልኝ። ነገሩ አንድ ነው።

መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚፈልግ እንወቅ። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ልጅ ኪንደርጋርተን የሚገባው እስከ ኦገስት 31 ድረስ 5 ዓመት ከሞላው ነው። ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መምህሯ «ዋኪድስ» በሚባለው የስቴቱ አሠራር ልጁን እያጫወተች ታየዋለች። የምታየው ስድስት ነገር ነው፦ ከሰው ጋር መግባባትና ስሜቱን መግዛት፣ አካላዊ ብቃት፣ ቋንቋ፣ ነገር የማሰብና የማገናዘብ ችሎታ፣ የንባብ መነሻ እና ሒሳብ። ተራውን ይጠብቃል ወይ? ሲከፋው ምን ያደርጋል? እርሳስ ይይዛል? የሆነውን ነገር በቅደም ተከተል ይናገራል? ዕቃ አንድ በአንድ ይቆጥራል?

እስቲ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ በአማርኛ ልናስተምረው የማንችለው የቱ ነው? ተራ መጠበቅ እንግሊዝኛ ይፈልጋል? አምስት ድንች ቆጥሮ ለእናቱ ማቀበልስ? አምስት ማለት ምን እንደሆነ የገባው ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚጨምረው «ፋይቭ» የሚለውን ስም ነው። ሐሳቡን አስቀድሞ ይዞታል። ቤት ውስጥ ሐሳቡን ያላገኘ ልጅ ግን «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ» እያለ እስከ ሃያ ቢዘልቅ እንደ በቀቀን ነው። እኛ አገር ፊደሉን በዜማ ከላይ እስከ ታች ያወርድና አንዷን ነጥላችሁ ስታሳዩት ዝም የሚል ልጅ አልነበረም? «ኤ ፎር አፕል» ብሎ ለእንግዳ የሚያሳየው የዛሬው ልጅም ወንድሙ ነው።

እዚሁ ሰፈራችን የተሠራ ጥናት ልንገራችሁ። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዋ ፓትሪሺያ ኩል እና ባልደረቦቿ በ2003 ያወጡት ነው። የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን ማንዳሪን ቻይንኛ አሰሟቸው። አንዱን ቡድን ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ በ12 ቀጠሮ አጫወተው፣ አነበበለት። ሌላው ያንኑ በቴሌቪዥን አየ፤ ሌላው በድምፅ ብቻ ሰማ። በሰው የተጫወቱት የቻይንኛውን ድምፅ መለየት ቻሉ። በቴሌቪዥንና በድምፅ ብቻ የሰሙት ግን ምንም አላተረፉም። ጥናቱ በሕፃናት ላይ ነው፤ የአራት ዓመት ልጅ ከቪዲዮ አንድም ነገር አይማርም አልልም። ግን «እንግሊዝኛ እንዲለምድ» ተብሎ ታብሌት ታቅፎ የሚውለው ልጅ ያጣው ምን እንደሆነ ይገባችኋል። ያጣው የሚመልስለትን ሰው ነው።

ሁለተኛውን ጥናት ደግሞ ቆም ብላችሁ አንብቡት። ሊሊ ዎንግ ፊልሞር የምትባል የቋንቋ ምሁር በ1991 ያሳተመችው ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚኖሩ፣ የቤታቸው ቋንቋ እንግሊዝኛ ያልሆነ ከ1,000 በላይ ቤተሰቦች ተጠየቁ። ልጆቹ ገና በለጋ ዕድሜ እንግሊዝኛ ብቻ በሚነገርበት ፕሪስኩል ሲገቡ የቤታቸው ቋንቋ ቶሎ ይጠፋል፤ ወላጅ ደግሞ ከልጁ ጋር የሚነጋገርበት ያጣል። ምክር የለ፣ ተግሣጽ የለ፣ ጨዋታ የለ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት አገር።

የመሐንዲስነት ትምህርትህ ምን ጠቀመህ ለምትሉኝ ዛሬ እዚህ ላይ ትጠቅመኛለች። ኮንክሪት አፍስሳችሁ በማግሥቱ ጠንክሮ ታዩታላችሁ፤ እግራችሁንም ይሸከማል። ጥንካሬው የሚለካው ግን በ28ኛው ቀን ነው። ከዚያ በፊት ድጋፉን ነቅሎ ፎቅ የሚጭንበት ሰው ባለሙያ አይባልም። የአራት ዓመት ልጅ አማርኛም እንደዚያው ነው፤ ሲያወራ ስትሰሙት የጠነከረ ይመስላል፣ ገና እርጥብ ነው። እኛ ግን ልክ በዚያ ሰዓት ድጋፉን ነቅለን «በቃ፣ አሁን በእንግሊዝኛ» እንላለን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

«ታዲያ እንግሊዝኛውን ከየት ያምጣ?» ትሉኛላችሁ። ወንድሜ፣ እንግሊዝኛ እዚህ እንደ ሲያትል ዝናብ ነው፤ ሳትጠራው ይመጣል። ከኪንደርጋርተን እስከ 12ኛ ክፍል 13 ዓመት ነው። በየትምህርት ቀኑ ስድስት ሰዓት ያህል የሚሰማው፣ የሚጫወተው፣ የሚጣላው በእንግሊዝኛ ነው። ይህን ሁሉ ተወልደው በተናገሩት መምህራን አፍ ያገኘዋል። አማርኛውን ግን አንተ ካልሰጠኸው ማን ይሰጠዋል? ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት የሚማረው ፊደል ቤት ካልታገዘ ብቻውን አይበቃም።

ቀድሞ እንዲለማመድ የምትፈልጉ ከሆነ መንገዱ አለ። የሲያትል ሕዝብ በ2014 ድምፅ ሰጥቶ ያቋቋመው የከተማው ፕሪስኩል ፕሮግራም ከ2015 ጀምሮ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆችን ይቀበላል፤ ክፍያው በገቢ ልክ ነው፣ ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ነፃ ነው። ከ1965 ጀምሮ ያለው ሄድ ስታርትም አለ። ስቴቱም የራሱ ነፃ ፕሪስኩል አለው። ላኩት! እዚያ ከልጆች ጋር ይጫወታል፣ እንግሊዝኛውን ከምንጩ ይቀዳል። እንደ ዎንግ ፊልሞር ጥናት ከሆነ ግን ልጁ ፕሪስኩል በገባ ቁጥር ቤት ያለው አማርኛ መጨመር አለበት እንጂ መቀነስ የለበትም። ሥራ እንካፈል፤ እንግሊዝኛው የእነሱ፣ አማርኛው የእኛ።

ለመጀመሪያው ሳምንት መያዣ ብላችሁ ጥቂት ቃል አስተምሩት። ስሙን መናገር፣ «ባዝሩም»፣ «ሄልፕ»፣ «ስቶፕ»፣ «አይ ዶንት አንደርስታንድ»። በሦስት ቀን ይይዛታል። ለዚህች ሲባል ቤት አይፈርስም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልግባ። ስንመዘግብ የሚሰጠን «የቤት ውስጥ ቋንቋ መጠይቅ» የሚባል ቅጽ አለ። ልጅዎ መጀመሪያ መናገር የተማረው በየትኛው ቋንቋ ነው? ቤት ውስጥ በብዛት የሚናገረው የትኛውን ነው? ብሎ ይጠይቃል። አማርኛ ብለን ከጻፍን ልጁ አጭር የእንግሊዝኛ መለያ ፈተና ይፈተናል። ካለፈ አለቀ። ካላለፈ የቋንቋ ድጋፍ ያገኛል። ወላጅ ድጋፉን አልፈልግም ማለትም ይችላል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ስንቱ ወገኔ ነው አፉን ሞልቶ «እንግሊዝኛ ብለህ ጻፍ፣ አለዚያ ከሰነፎቹ ጋር ያደርጉታል» ብሎ የሚመክረው! ምክሩ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እስከ ምግብ ቤት ይዞራል።

ይህ ድጋፍ እንዴት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ 1,800 ገደማ የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች የሚማሩበት ቋንቋ ሳይገባቸው፣ ድጋፍ ሳያገኙ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይውሉ ነበር። ቤተሰቦቻቸው ከሰሱ። በ1974 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ላው እና ኒኮልስ» በሚባለው ክርክር ፈረደላቸው። ለሁሉም አንድ ዓይነት መጽሐፍና አንድ ዓይነት መምህር መስጠት፣ ቋንቋው ላልገባው ልጅ እኩልነት እንዳልሆነ ተበየነ። መሠረቱም በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ስደተኛ ወላጆች ፍርድ ቤት ቆመው ያስከበሩትን መብት እኛ በአንዲት የእስክሪብቶ ጭረት እንመልሰዋለን። ለምን? ጎረቤት ምን ይለናል ብለን!

በተቃራኒ የሚነሣው ሐሳብ መሠረት የለውም አልልም። ድጋፍ ውስጥ ገብተው ብዙ ዓመት የሚቆዩ ልጆች አሉ። መድኃኒቱ ግን መከታተል ነው። በየዓመቱ የሚፈተነውን የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ጠይቁ፤ ለመውጣት ምን እንደቀረው መምህሯን ጠይቁ። አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ትምህርት ቤቱ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ የሰባት ዓመት ሴት ልጃችሁን ማስተርጎም ነውር ነው። የልጁን ቋንቋ በቅጽ ላይ ብትደብቁትም ልጁን ከክፍሉ አትደብቁትም።

ሌላም አለ። ያን የጣላችሁትን አማርኛ ልጁ ሃይስኩል ሲደርስ መልሳችሁ ትፈልጉታላችሁ። በዋሽንግተን ስቴት ተማሪ የቋንቋ ችሎታውን በፈተና አስመስክሮ እስከ 4 የሃይስኩል ክሬዲት ሊያገኝ ይችላል፤ አማርኛም ይፈተናል። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሁለት ዓመት የሌላ ቋንቋ ትምህርት ይጠየቃል። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ሁለት ቋንቋ አሳምሮ ለሚያውቅ ተመራቂ ስቴቱ የክብር ማኅተም ይሰጣል። እኛ ግን በአራት ዓመቱ አማርኛውን አስጥለነው በአሥራ አምስት ዓመቱ ስፓኒሽ «ኦላ» ብሎ ከዜሮ ሲጀምር አጠገቡ ቆመን እናጨበጭባለን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ይህ በሽታ የዲያስፖራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻቸው እንዲማሩ ደነገገ። አዲስ አበባ ላይ ግን ቤተሰብ ከጉሮሮው ቀንሶ «ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው» የሚል የግል ኬጂ ይፈልጋል። እዚያ እንግሊዝኛ ብርቅ ስለሆነ ቢያንስ ምክንያት አላቸው። ሲያትል ላይ ተቀምጦ እንግሊዝኛን ማሳደድ ግን ዓባይ ዳር ቆሞ የታሸገ ውኃ መግዛት ነው።

«እሺ፣ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?» ብትሉኝ፣ የሚገዛ ነገር የለውም።

እንቆቅልሽ ጠይቁት። «እንቆቅልህ» ስትሉት «ምን አውቅልህ» ብሎ ጆሮውን ይሰጣል። ያዳምጣል፣ ፍንጭ ያገናኛል፣ ይገምታል፣ ሲያቅተው አገር ይሰጣችሁና መልሱን ይጠብቃል። ያች መምህር የምታየው ማዳመጥ፣ ማገናዘብ፣ ተራ መጠበቅ፣ ሲሸነፉ አለማልቀስ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ። አያቶቻችን የትምህርት ባለሙያ ሳይቀጥሩ ሠርተውታል።

ተረት ንገሩት፤ ከዚያ አስነግሩት። አባባ ተስፋዬ ለአሥርት ዓመታት በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩልን ዓይናችንን ሳንነቅል የሰማነው ለምን ነበር? ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን ብለን ነው። ታዲያ ጅቡ ሲታለል ቆም በሉና «ለምን ይመስልሃል? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» በሉት። በማግሥቱ እሱ ይተርት፤ መጀመሪያ፣ ከዚያ፣ በመጨረሻ። ማንበብ ከመቻሉ በፊት የሚያስፈልገው ይህ ነው። ቪዲዮ ካስፈለገ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚባለው በአማርኛ ለዚሁ ዕድሜ የተሠራ ነው፤ ግን አብራችሁ ተቀምጣችሁ እያወራችሁ እዩት።

አስቆጥሩት። ገበጣ የሚጫወት ልጅ ጠጠሩን በየጉድጓዱ አንድ በአንድ ሲያድል ሒሳብ እየሠራ ነው። ሲግለር እና ራማኒ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ጥናት፣ ድሃ ቤተሰብ ውስጥ ያደጉ የ4 እና የ5 ዓመት ልጆችን ከ1 እስከ 10 በተርታ በተጻፈበት ሰሌዳ ላይ ለ15 ደቂቃ አራት ጊዜ ብቻ አጫወቷቸው፤ የቁጥር ዕውቀታቸው ተሻሻለ። በድምሩ አንድ ሰዓት ነው! ካርቶን ቀድዳችሁ ሰሌዳውን ሥሩት። ጠጠሩን ባቄላ አድርጉት።

ማዕድ ቤት አስገቡት። ሽንኩርት ይላጥ፣ ማንኪያ ይደርድር፣ ትልቁንና ትንሹን ይለይ። እናንተ እህቶቼ ደግሞ አትቆጡኝና፣ የአምስት ዓመት ልጅ ሁልጊዜ በጉርሻ አይበላም። የትምህርት ቤቱ የምሳ ሰዓት አጭር ነው፤ ምሳ ዕቃውን ራሱ ይክፈት፣ ጃኬቱን ራሱ ይቆልፍ፣ ሽንት ቤት ብቻውን ይግባ። ጉርሻ ፍቅር ናት፤ በቀን አንዴ ትበቃለች።

ዝም አታሰኙት። እኛ ቤት ጨዋ ልጅ ማለት እንግዳ ሲመጣ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ ነው። እዚህ አገር ክፍል ውስጥ ዝም ያለ ልጅ ጨዋ አይባልም፤ አልገባውም ይባላል። «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ «አትጨቅጭቀኝ» ያልነው ልጅ መምህሯን ለምን ብሎ እንዲጠይቅ ከየት ይማር? የማታውቁትን ሲጠይቃችሁ «አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ» በሉት። አክብሮትና ድምፅ አብረው ይኖራሉ፤ «አንቱ» እያለም ይከራከር።

ቤተ መጻሕፍት ውሰዱት። ካርዱ ነፃ ነው። የሲያትል ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ከ2020 ጀምሮ መጽሐፍ ዘገየ ብሎ ቅጣት አያስከፍልም፤ ያችም ሰበብ ተነሥታለች። የእንግሊዝኛ ሥዕል መጽሐፍ ወስዳችሁ ሥዕሉን በአማርኛ አውሩት። ማን ይከለክላችኋል?

«ጊዜ የለኝም» የሚለው የመጨረሻው ምሽግ ነው። በዚህ ላይ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ መሪ ላይ 12 ሰዓት የሚውል ሰው ነኝ። ግን ልጁን ስታደርሱት መኪና ውስጥ ያለው 15 ደቂቃ የማን ነው? በሬይኒየር ጎዳና ስትወርዱ ቀይ መኪና ይቁጠር፣ የባቡሩን ጣቢያ ይጥራ፣ ትናንት ምን እንዳለሙ ይንገራችሁ። ለማያውቁት ተሳፋሪ ስለ አየሩ፣ ስለ ትራፊኩ፣ ስለ ሲሃውክስ ግጥሚያ ግማሽ ሰዓት የሚያወራ ሾፌር፣ የገዛ ልጁ ከኋላ ሲቀመጥ ስልክ አቀብሎ ዝም ይላል። ተሳፋሪው ቲፕ ስለሚሰጥ ነው?

አንድ ልመና ጨምሬ ላብቃ። የመጀመሪያ ልጃችሁን እንግሊዝኛ ብቻ ካደረጋችሁት ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም አደረጋችሁት ማለት ነው። ትልቁ ትንሹን በእንግሊዝኛ ያሳድገዋል፤ ትንሹ አማርኛ ሳይሰማ ያልፋል። ስለዚህ የአራት ዓመቱ ልጅ ላይ የምትወስኑት ውሳኔ የቤቱ ሁሉ ነው። አያቱ በቪዲዮ «እንዴት ነህ የኔ ጌታ» ስትለው የሚመልስላት ይኑራት። አሥራ አራት ዓመት ሞልቶት ነገር ሲገባበትም፣ ሊነግራችሁ ሲፈልግ የሚነግርበት፣ ልትመክሩት ስትፈልጉ ሙሉ ሰው ሆናችሁ የምትመክሩበት ቋንቋ ይኑራችሁ። በ«ካም ሂር» እና በ«ዶንት ዱ ዛት» የጎረምሳ ልብ አይመለስም።

ቅጹ ላይ አማርኛ ብላችሁ ጻፉ። ቤት ውስጥ በአማርኛ አውሩ። የቀረውን መምህሯ ትጨርሰዋለች፤ ደመወዝ የሚከፈላት ለዚያ ነው።

የማይስማማ ካለ ኮሜንት ላይ ይምጣ፤ ስድብ ግን እንደ ተሳፋሪ ቅሬታ ነው፣ አንብቤ አልፈዋለሁ። ዘንድሮ ልጅ የሚያስመዘግብ ዘመድ ያላችሁ ሼር አድርጉለት። ቸር ያሰንብተን።